የጳጉሜው ቆርኪ

መስከረም 2018፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ለወላጅ ስብሰባ ተጠራሁና ሄድኩ። አንደኛ ክፍል ብቅ ስል ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቆርኪ ይቆጥራሉ።

«ቲቸር፣ ለቆርኪ ነው እንዴ የምከፍለው? ቆርኪማ ሰፈራችን ግሮሰሪ ደጃፍ ሞልቷል!»

«እዚያ ሒሳብ የሚያመጣልዎ አስተናጋጁ ነው፤ እዚህ ልጅዎ ራሱ ይሠራዋል።»

ሌላ አባት ሊያግዘኝ ገባ። «ደብተራቸው ላይ እስከ መቶ ቢጽፉ አይሻልም?»

«እስከ መቶ ጽፈው የመጡ አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጅ ስም ግን አያውቁም።»

ጥግ ላይ ሁለት ልጆች ገበጣ ይዘዋል። አንዲት እናት «የሥራ ፈት ጨዋታ!» ብለው አፋቸውን ሸረመሙ።

«የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከመቶ በላይ ዓይነቱን መዝግበዋል፤ እሳቸውም ሥራ ፈት ነበሩ?»

ሴትዮዋ ዝም። ለነገሩ ጠጠሩን ለጎረቤት ጉድጓድ ሳያድሉ ገበጣ የለም፤ የእኛ ሰፈር ሰው ቢለምደው አይጠላም።

ወለሉ ላይ በጠመኔ 13 ሳጥን ተሰምሯል፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ። ሁሉም በተወለደበት ወር ቆርኪውን ያኖራል። ጥር ተቆልሏል። ጳጉሜ ላይ አንዲት ቆርኪ ብቻዋን ቁጭ ብላለች፤ የልጄ ናት። (ደሞዝ በማይከፈልበት ወር መወለዱን አስበንበት ነው እላለሁ፤ ድግስ የሚጠይቀኝ የለማ!)

«መቼ ነው የተወለድከው?» አሉት ልጆቹ።

«ጳጉሜ 6፣ 2011።»

ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። በጣታቸው ቆጠሩ፦ 2012፣ 2013፣ 2014፣ 2015... አንዱ ዘሎ ተነሳ።

«አንዴ ብቻ ነው የተከበረልህ! አንድ ዓመትህ ነው! ጡጦህስ?»

«እኔ በአንድ ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ አንተ ስድስት ዓመት ፈጀብህ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ተራቢውም አብሮ ሳቀ። ያኔ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች ልጅ ብድግ አለች።

«እኔ መስከረም 1 ነኝ፤ ማግስትህ ማለት ነው። የእኔን ልደት አገሩ በሙሉ አበባ ይዞ ነው የሚያከብረው። ና ተጠጋ፣ እንካፈላለን።»

ቆርኪዋን ከመስከረም አንስታ ከጳጉሜው ቆርኪ ጎን አስቀመጠችው። ቲቸር «የአንቺ ወር እኮ...» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ልጆቹ ቀጣዩን ጳጉሜ 6 ቆጥረው 2019 ላይ ደርሰዋል፤ «ሦስተኛ ክፍል ልንገባ ስንል!» እያሉ ይጯጯሃሉ። አንድ ድፎ ዳቦ ለስንት እንደሚቆረስም ጭቅጭቁ ተጀምሯል። ዳቦው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ቁራሹ አንሷል ብሎ ያኮረፈ ግን አለ።

ልወጣ ስል ቲቸርን ጠጋ ብዬ፣ «ለመሆኑ ልጄ ስንተኛ ነው?» አልኳት።

«በሁለት ሳምንት? ለጊዜው 13ኛው ሳጥን ውስጥ ነው።»

ማታ ራት ላይ አላስቻለኝም። «እስቲ ንገረኝ፣ ከክፍላችሁ ጎበዙ ማነው?»

«እሱን አልቆጠርንም።»

«እንዴት አትቆጥሩም?»

«አባዬ፣ አንተስ መሥሪያ ቤትህ ስንተኛ ነህ?»

ወደ እናቱ ዞሬ፣ «ወጥ ጨምሪልኝ» አልኳት።