ጉዳዩ፦ ቁርጡ ስላልታወቀ ዕጩ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት

የተከበረው ቦርድ ደብዳቤ መጻጻፍ እንደማይሰለቸው አርሲ ውስጥ፣ ሁሩታ ድረስ ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. ለኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ የላከው ጥያቄ አጭር ነበር፤ በታኅሣሥ ፓርቲውን የተቀላቀሉት አቶ ጃዋር መሐመድ ኢትዮጵያዊ ናቸው ወይ?

ጥያቄው አግባብ ነው። የውጭ ዜጋ የፓርቲ አባል መሆን አይችልም፤ አቶ ጃዋር ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ነበራቸው። ሁሩታ ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ፈገግ ማሰኘቱ አልቀረም። ሰውየው የተማሩት እዚሁ ጎረቤት አሰላ፣ ቀጥሎም አዳማ ነው። ቦርዱ የሰው ምስክር ቢጠራ በአንድ ሚኒባስ ሞልቶ ይመጣለት ነበር። ወረቀት ነው የፈለገው፤ ይሁን።

ወረቀቱን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዜግነቱን መልሶ ማግኘት የሚሻውን ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ አገር ቤት ተመልሶ መኖር፣ የውጭ ዜግነትን መተው፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከት። አቶ ጃዋር ሦስቱንም አሟልቻለሁ አሉ፤ ፓርቲያቸውም ይህንኑ መለሰ። መልሱ ሌላ ጥያቄ ወለደ። «ይችላሉ» ወይም «አይችሉም» የሚል ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሳይወጣ ኮሮና ገባና ለነሐሴ 23 ቀን 2012 የተቆረጠው ምርጫ ተራዘመ። ሰኔ 22 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ አቶ ጃዋር ታሰሩ፤ በኋላም ተከሰሱ። ክሱ ተቋርጦ በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ሲፈቱ የተራዘመው ምርጫ ካለፈ ስድስት ወር ተቆጥሯል። የዜግነት ጥያቄውን እስር ቤቱ ገላገለው ማለት ነው። ቦርዱም ተገላገለ።

ይህ ደብዳቤ ለአቶ ጃዋር ጥብቅና አልቆመም። ጥበቃዬ ሊነሣ ነው ማለታቸውን ተከትሎ በጥቅምት 2012 በተነሣው ሁከት 86 ሰው መሞቱን መንግሥት ራሱ ተናግሯል፤ ከሃጫሉ ግድያ በኋላም አርሲ ብዙ ሕይወትና ንብረት አጥታለች። ለዚያ የሚጠየቅ ካለ ፍርድ ቤት ይጠየቅ። ዜግነት ግን ሌላ መዝገብ ነው።

የዜግነት መዝገብ በቁርጥ ውሳኔ እንዴት እንደሚዘጋ ከሌላ አገር እንይ። አውስትራሊያ ውስጥ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ በአባቱ በኩል የኒውዚላንድ ዜጋ ሆኖ ተገኘ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኦክቶበር 27 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የምክር ቤት ወንበሩን ነጠቀው። የኒውዚላንድ ዜግነቱን አስቀድሞ ትቶ ስለነበር ዲሴምበር 2 በተደረገው የማሟያ ምርጫ አሸንፎ ተመለሰ። ከፍርዱ እስከ ድሉ አምስት ሳምንት!

ወደ አገራችን ስንመለስ የሚገርመው፣ የአቶ ጃዋር ጥያቄ በተነሣበት ወቅት ቦርዱን የሚመሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። በ1993 ዳኛ ሳሉ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ይፈቱ ብለው አዘዙ፤ ሰውየው ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። ወይዘሪት ብርቱካንም ወደ ተቃዋሚ ፖለቲካ ገብተው ከምርጫ 97 በኋላ ታሰሩ፤ በ1999 በይቅርታ ወጡ፤ ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ እንደገና ገቡ። የግንቦት 2002ቱ ምርጫ እሳቸው እስር ቤት ሳሉ አለፈ፤ የተፈቱት መስከረም 2003 ነው። ፖለቲከኛ ያለ ዕጩነት ውሳኔ ከምርጫ እንዴት እንደሚቀር ከእሳቸው የተሻለ የሚያስረዳ ሰብሳቢ ከየት ይመጣል?

ቦርዱ ሲታዘዝ ደግሞ እንደሚሆንለት አሳይቷል። ሰበር ሰሚ ችሎት በግንቦት 2013 እስር ላይ የነበሩት የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎች፣ አቶ እስክንድር ነጋን ጨምሮ፣ ይመዝገቡ ሲል ቦርዱ መጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሟል አለ። ጥቂት ቆይቶ መዘገባቸው።

እንግዲህ ቦርዱ ለሚቀጥለው ምርጫ አንድ ነገር ይታዘዝልን። የሚከለክለውን ዕጩ ቀን፣ ቁጥርና ምክንያት ባለው ወረቀት ይከልክል፤ ሰውየውም ያንኑ ይዞ ፍርድ ቤት ይሂድ። ግልባጭ የደረሰው መሥሪያ ቤትም የተመላሽ ዜጎችን ማመልከቻ የድምፅ መስጫው ቀን ሳይደርስ ይመልስ።