በር ካለው ቤት ነው

ሳሪስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ የሚከራይ ክፍል አለ። በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ኮለን ነው። ፎቁን የተሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ የክፍሉ መሐል ላይ ተገትሯል። አልጋው በግራ ከተዘረጋ ቁም ሳጥን መቆሚያ ያጣል፤ በቀኝ ከሆነ ደግሞ በሩ ገርበብ ከማለት አያልፍም። ደላላው ግን ኮለኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጥንካሬውን ይዩልኝ! መሬት ቢንቀጠቀጥ እንኳ እዚህ ቤት ስጋት የለም» ይላል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ደላላውም መሐንዲስ ሆኗል። አብረውን የቆሙት አከራይ በበኩላቸው፣ «የፊተኛው ልጅ ገመድ አስሮ ልብስ ያሰጣበት ነበር፤ አንድም ቀን አላማረረም» አሉ። ልጁ ለምን እንደለቀቀ አልነገሩንም። ኮለኑ የያዘው ቦታ ከኪራዩ ይቀነስ እንደሆነ የጠየቀም የለም። ክፍሉ ሳምንት ሳይሞላው ተይዟል።

ይህ ከተማ ቤት የሚያከራየው በካሬ ሜትር እንዳይመስላችሁ። በበር ነው። በር ከተገጠመለት ክፍል ነው፤ ጓጉንቸር ከያዘ ቤት ነው፤ ውስጡ አንድ ቧንቧ ብቅ ካለ «ሻወር ያለው» ተብሎ ዋጋው ሌላ ነው። በዚህ ስሌት ጋራዡም፣ የዘበኛ ማደሪያውም፣ የደረጃ ሥሩም፣ ከሰል ይቀመጥበት የነበረው ጓዳም ተራ በተራ ቤት ሆነዋል። ኮሪደር ሳይቀር ይከራያል። አያት አካባቢ የአንድ ቪላ መተላለፊያ ከወዲህም ከወዲያም በቺፕውድ ተዘግቶ፣ በር ተቆርጦለት፣ ሰው ገብቶበታል። ርዝመቱ የሚያስቀና ነው፤ ወርዱ ግን የአልጋው ወርድ ነው። ከበሩ ተነስቶ መስኮቱን ለመክፈት የፈለገ ሰው አልጋው ላይ ተራምዶ ያልፋል። ተከራዩ ጫማውን ደጃፍ ላይ የሚያወልቀው በጨዋነት ብቻ አይደለም።

ነገሩን በአከራይ ስግብግብነት ብቻ መዝጋት ቀላል ነው፤ ልክ ግን አይሆንም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ ማን ነበር? አቅም ያለው ለራሱ ሠራ፤ ከፊት ቪላውን፣ ከኋላ ሰርቪሱን። ሰርቪሱ ማድቤት፣ ዕቃ ቤትና የሠራተኛ ማደሪያ ነበር። ማከራየት ዳግም ሲፈቀድ ሁሉም ዓይኑን የጣለው እዚያው ላይ ነው። የማድቤቱ ጥቀርሻ ተፍቆ ቀለም ተቀባ፤ ዕቃ ቤቱ ሊሾ ሆነ።

መሬት እንደሆነ አይሸጥም፤ አጥር ገፍቶ መስፋትም ከጎረቤት ያጣላል። ስለዚህ ግቢው ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረ። ዕቁብ ሲደርስ አንድ ክፍል ይለጠፋል፤ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ስትልክ ሌላ አንድ። ፕላን የሚባለው ባለቤቱ በጣቱ እየጠቆመ ለግንበኛው የሚናገረው ነው፦ «እዚህ ጋ አንድ፣ እዚያ ጋ አንድ፣ መሐሉን ሽንት ቤት አድርገው።» የመጀመሪያዋ ክፍል መስኮት በሁለተኛዋ ግድግዳ ይደፈናል። ካልተደፈነም የአንዱ ተከራይ መስኮት የሌላው መኝታ ውስጥ ይከፈታል። ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ መጋረጃው በየትኛው በኩል ይሰቀል በሚል ሁለት ተከራዮች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንደኛው «መስኮቱ የእኔ ነው» ይላል፤ ሌላኛው «የገባው እኔ ግድግዳ ላይ ነው» ይላል። ሽማግሌ የሆኑት አከራይ ሁለቱንም አዳምጠው፣ መጋረጃው በሁለቱም በኩል እንዲሰቀል ፈረዱ። መስኮቱ ወደ ደጅ የማይወጣ መሆኑን ያነሳ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መሐል አንጀቴን የሚበላኝ አከራዩ ራሱ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቪላውን አከራይተው ሰርቪሱ ውስጥ ገብተው ያገኟቸዋል። ዕድሜ ልክ የተለፋበት ሳሎን ውስጥ የሰው ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ ጋሼና እትዬ ደግሞ የሠራተኛ ማደሪያ በነበረችው ክፍል ቡፌውን፣ ሁለቱን ሶፋ፣ የሠርግ ፎቶውንና የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ይዘው ይኖራሉ። ቡፌውን ለማስገባት በሩ መነቀል ነበረበት። ከገባ በኋላ በሩ ተመልሶ ሲገጠም፣ ቡፌው ይገታዋልና በግማሽ ብቻ ይከፈታል፤ እትዬም በጎን ይገባሉ። እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚፈላው የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ነው። «ቤታችን እሱ ነው» ይላሉ በአገጫቸው ወደ ቪላው እያሳዩ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፤ ተከራዩ እንዳይረበሽ። የሰርቪሱን የቀሩትን ክፍሎች ደግሞ ለሌላ ተከራይ ሰጥተዋል። እንግዲህ እንዲህ ላለ አከራይ ሄዶ «ክፍሉ ጠበበኝ» የሚል ተከራይ ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠብቀው ገምቱ።

የሽንት ቤቱ ጉዳይ ግን በትዕግሥት መታየት አለበት፤ የግንበኞቻችን ጥበብ የተራቀቀው እዚያ ነውና። ሽንት ቤት የሚቆረቆረው ሰው የሚመቸው ቦታ ላይ ሳይሆን ሴፍቲ ታንከሩ የሚቀርብበት ላይ ነው። ቱቦ ማርዘም ገንዘብ ነው፤ ሰው ማጠፍ ግን ነፃ ነው። ጎሮ ውስጥ በአንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የደረጃ ሥር ተሰርቶ የሚከራይ «ስቱዲዮ» አለ። የሽንት ቤቱ ጣሪያ ደረጃው ራሱ ስለሆነ ቁልቁል ይወርዳል። መቀመጫው የተተከለው ደግሞ ዝቅ ባለው በኩል ነው፤ የተቀመጠ ሰው ቅዳሴ ላይ እንዳለ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ ሲከፈት መቀመጫውን ይመታል፤ ስለዚህ የሚገባው ሰው መጀመሪያ በጎን ሾልኮ፣ ጥጉ ላይ ተለጥፎ፣ በሩን በሆዱ ፊት አሳልፎ መዝጋት አለበት። ሆድ ያለው ሰው ይህን አይችልም። ከተቀመጡ በኋላ ጉልበት በሩን ስለሚነካው መቀርቀሪያ አላስፈለገም፤ ጉልበቱ ራሱ ይዘጋዋል። አከራዩ ይህንን እንደ ጥቅም ቆጥረው ነግረውናል።

ሻወሩስ? ሻወሩ ከመቀመጫው አናት ላይ ነው። መታጠብ የፈለገ ወይ ተቀምጦ ይታጠባል፣ ወይ መቀመጫውን አንፈራጦ ይቆማል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም በዚያችው ቦታ ላይ በርሜሉና ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል። እንዲያውም ቦታው የእነሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው ለአጭር ጊዜ የሚገባ እንግዳ ነው። ሶፍት የሚቀመጠው ውጭ፣ አልጋው ራስጌ ላይ ነው። ውስጥ ከተረሳ ይረጥባል፤ ውጭ ከተረሳ መጣራት ነው፤ ብቻውን የሚኖር ላጤ ማንን ይጥራ?

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ክፍል ሁለት ይሁን ሲባል መሐሉን ቺፕውድ ይቆርጠዋል። አምፖሉ የተንጠለጠለው ከክፍሉ መሐል ስለሆነ ቺፕውዱ ኮርኒሱ ድረስ አይደርስም፤ ብርሃኑ ለሁለቱም ይዳረስ ተብሎ ክፍተት ይተዋል። አምፖሉ የጋራ ሲሆን ማብሪያ ማጥፊያው ግን የአንደኛው ብቻ ነው። የማታ ተማሪውና ሌሊት ተነስቶ ተሳቢ የሚነዳው ሰው በዚህ ዓይነት ቤት ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ አስቡት። ተማሪው ከግድግዳው ወዲያ፣ «ወንድሜ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ» ይላል። ሾፌሩ ያበራለታል፣ ፊቱን በጋቢ ይሸፍናል፣ ሳይነጋ ይነሳል። ቆጣሪው አንድ ነውና ወሩ ሲያልቅ ክፍያው በተከራይ ቁጥር ይካፈላል፤ የአከራይዋ የእንጀራ ምጣድ ግን እንደ ተከራይ አይቆጠርም።

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ይህ ሁሉ የሚቀር መስሎን ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው ቤት መሐንዲስ ያየው፣ በወረቀት ላይ የተሠመረ ነው፦ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ። እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና በግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ሳይቀር ታስቦለት ነበር። ሊፍት ግን አልታሰበም፤ ውሃውም አንዳንዴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይደክመዋል። በ2005 ዓ.ም. ከተመዘገበው ሕዝብ ብዙው ዛሬም ዕጣ ይጠብቃል። ከደረሳቸውም ብዙዎቹ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ሲሉ ያከራዩታል። የተከራየው ሰው ደግሞ ብቻውን ስለማይችለው ለሌላ ያካፍላል። ሳሎኑ በመጋረጃ ለሁለት ይከፈላል፤ በረንዳው በመስታወት ይዘጋና «ሦስተኛ መኝታ» ይባላል። ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ነዋሪያቸው ወደ ዳር ከወጣ ወዲህማ በረንዳውም ተፎካካሪ በዝቶበታል። በረንዳ ላይ የሚያድረው ልጅ ጠዋት ሳይነሳ ልብስ ማስጣት አይቻልም፤ የልብሱ ገመድ የሚያልፈው ከአልጋው በላይ ነው።

ተከራዩን ግን ንጹሕ አድርጌ መልቀቅ አልፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ የጮኸ ሰው፣ ሦስተኛው ወር ላይ የቤቱ ጠበቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ጠባብ መሆኑ እኮ ጥሩ ነው፤ በክረምት ይሞቃል» ይላል። ግድግዳውን በራሱ ገንዘብ ያስቀባል፤ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ያነጥፋል። ቤቱ ሲያምር አከራዩ መጥተው ያዩና «ለካ እንዲህ ያምር ነበር!» ብለው ዋጋውን እንደገና ያስቡበታል። ከዚያ ወደ ሶፋው እንመጣለን። ሦስት በሦስት የማትሞላ ክፍል የተከራየ ሰው የሚገዛው ሶፋ ኤል ሼፕ ነው። ለምን እንደሆነ እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም። ሶፋው ሁለቱን ግድግዳ ይይዛል፣ አልጋው ሦስተኛውን፣ በሩ አራተኛውን። ቴሌቪዥኑ ትልቅ መሆን ስላለበትም ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ኳስ ጨዋታን የሚያየው አንገቱን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ነው። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ማረፊያ ስለሚያጣ እንግዳው እግሩን ሶፋው ላይ ይሰቅላል።

ለዚህች ቤት ደግሞ ፈተናው የመንግሥት ሥራ ከመቀጠር ይከብዳል። ስንት ናችሁ? የት ነው የምትሠሩት? አገራችሁ ወዴት ነው? ዘመድ ይመጣል? ልጅ ለመውለድ ታስባላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ የሚጠየቀው አልጋዋን እንኳ በወጉ በማትይዝ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። ባልና ሚስቱም ተያይተው፣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ያልተነጋገሩበትን ጉዳይ ለአከራይ ያስረዳሉ።

መንግሥት ዝም አላለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። መልካም ነው። የሳሪሱም ተከራይ ኮለኑን ታቅፎ ሁለት ዓመት የመኖር መብት አለው ማለት ነው። የሽንት ቤት በር ወዴት መከፈት እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ ግን አላየሁበትም።

ስለዚህ ልመናዬ በቀጥታ ለእናንተ ለአከራዮች ነው። ኮለኑን ንቀሉ አልልም፤ ቤቱ ይወድቃል። ኮሪደሩንም አስፉ አልልም፤ ቦታ የላችሁም። የሽንት ቤቱን በር ግን ማጠፊያውን ፈትቶ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ መግጠም የአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሱን ብቻ አድርጉልን፤ ወጪውንም ከፈለጋችሁ በሚቀጥለው ጭማሪ ላይ ደምሩት።