ፔንታጎንን ስለማስጎብኘት፦ እናቶችን ናሙና ያደረገ ጥናት

ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን አካባቢ የሚመጡ እናቶች የሚዞሩባቸው ቦታዎች ቅደም ተከተል ብዙም አያከራክርም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ የዓይንና የጥርስ ሐኪም፣ ከዚያ የክርስትና ልጅ ቤት፣ በመጨረሻም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ፎቶ ለመነሣት ያህል ዋይት ሐውስ። ፔንታጎን በዚህ ዝርዝር የሚገባው እናት «ይሄ ሁልጊዜ በጎኑ የምናልፈው ግንብ የማነው?» ብለው ሲጠይቁና ልጅየው አፉ አምልጦት «መጎብኘት ይቻላል እኮ» ሲል ነው። ጥናታችን የሚጀምረው ከዚህች ቃል በኋላ ነው።

እርግጥ ይቻላል። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት አገሪቱ 200ኛ ዓመቷን ካከበረችበት ከ1976 ጀምሮ ሕዝብ ያስጎበኛል፤ ገንዘብም አያስከፍልም። ዝርዝር ደንቡ በየጊዜው ቢለዋወጥም ዘው ብሎ መግባት የለም፤ አስቀድሞ መመዝገብ፣ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ማሳየት፣ መፈተሽ ግድ ነው። ከሁሉም ቀላሉ ፍተሻው ነው። ከባዱ ቅጹ ነው።

ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ እናት፣ ልጅና ምራት በዚህች ሳጥን ውስጥ ሦስት የማይተዋወቁ አያቶችን ይጽፋሉ። አሜሪካ የተወለደው የልጅ ልጅ የአባቱ ስም ከተሰጠው ደግሞ አራተኛ ቤተሰብ ይመሠረታል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሰዎች አንድ ታክሲ የተጋሩ መንገደኞች ናቸው። እናት በበኩላቸው ነገሩ አይጥማቸውም፦ «አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ምን አጠፉ ተብሎ ነው አሁን ስማቸው የሚጠራው?»

የልደት ቀን ላይ ምንጮች ይጋጫሉ። እናት «ጣልያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በጽጌ» የሚል የቃል ማስረጃ ያቀርባሉ። ፓስፖርቱ ሌላ ወር ይላል። ታላቅ እኅታቸው በስልክ ተጠይቀው ሁለቱንም አስተባብለዋል። ጥናቱ የፓስፖርቱን ይቀበላል፤ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን በር ላይ ያለው ሰው የሚያየው እሱን ስለሆነ ነው።

ሕንፃው ግን የልደት ጣጣ የለበትም። መሬቱ የተቆፈረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1941 ነው፤ በእኛ መስከረም 1 ቀን 1934፣ ንጉሡ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ። ተጠናቀቀ የተባለው ደግሞ ጃንዋሪ 15 ቀን 1943፣ ማለትም ጥር 7 ቀን 1935 ነው፤ በ16 ወር ገደማ። ጥር 7 የሥላሴ ዕለት ነው፤ የሰናዖር ግንብ የፈረሰበት የሚታሰብበት። ይህ የተነገራቸው እናት «ግንብ የጨረሱት በዚህ ቀን ነው?» ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። የጥናቱ ዋና ግኝት ይህ ነው፤ ሌላው ማሟያ ነው።

ማሟያውም ቢሆን ቀላል አይደለም። አምስት ጎን፣ ከመሬት በላይ አምስት ፎቅ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካ አምስት ቀለበት፣ ሲደመር 28 ኪሎ ሜትር ያህል ኮሪደር አለው። የጦርነት ጊዜ ነበርና ብረት ለመቆጠብ ሲባል ከፎቅ ፎቅ የሚያወጣ የሲሚንቶ ዳገት ተሠራለት፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ይህን ቁጠባ አላደነቁም። መጸዳጃ ቤቱ የቨርጂኒያ ሕግ ነጭና ጥቁርን ይለይ ስለነበር ከሚያስፈልገው እጥፍ ሆኖ ታነጸ፤ ልየታው ግን በሕንፃው ውስጥ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እናቶች ታሪኩን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ብዛቱን ግን አልተቃወሙም።

አስጎብኚዎቹ ወታደሮች ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ እንግዳው አዙረው የኋሊት እየተራመዱ ያስረዳሉ። ልምምዱ ረጅም ነው፤ ናሙናችን ግን አላመኑትም። «ልጄ፣ ዞር በል፣ ትወድቃለህ! እኛ የትም አንሄድም» አሉት በአማርኛ። ልጃቸው አልተረጎመም። ወታደሩም ምስጋና መስሎት እጅ ነሣ።

በዘርፉ ለምትሰማሩ ልጆችና ምራቶች ማሳሰቢያችን ይህ ነው። ጉብኝቱ ጠዋት 10 ሰዓት ከሆነ ለእናት «አራት ሰዓት» በሏቸው፤ ይህንኑ ለልጅ ልጅ እንዳትደግሙት፣ ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ከሰዓት አራት ላይ ይመጣል። በነጠላ ጫፍ የተቋጠረውን ሁሉ ቤት አስፈቱ። ስሙን በቃል አትጻፉ፤ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ቅዱ። ፓስፖርቱ ከሻንጣው ሥር ነው፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ።