ያበጠው ሥር

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ሁለት ቲማቲሞች ከቆስጣውና ከሰላጣው መደብ አጠገብ በጉርብትና ይኖሩ ነበር። አንድ ውሃ ጠጥተው፣ አንድ ፀሐይ ሞቀው አደጉ።

አንድ ቀን አትክልተኛዋ አሮጊት ከሌላ ማሳ በተዋሱት አካፋ ጭቃ ላይ ተጣብቃ አንዲት ትል መጣች። ቁመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የተማሩት ኔማቶድ ይሏታል። ጥርስ የላትም፤ አፏ ውስጥ ግን ውስጠ ክፍት መርፌ አለቻት።

በፊተኛዋ ቲማቲም ሥር ጫፍ ሰርጋ ገባች። ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀመጠችና ጥቂት ሕዋሳትን በመርፌዋ ወግታ፣ በሥሩ በራሱ ቋንቋ አንሾካሾከችላቸው፦ «እደጉ፤ ጎተራችሁን አስፉ።» የቤታቸው ድምፅ መሰላቸው፤ ታዘዙ። ግድግዳ ሳይሠሩ አስኳላቸውን ብቻ እያበዙ ግዙፍ ሆኑ፤ በዙሪያቸው ያሉትም አብረው አበጡ። ትሊቱ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም። እየጠባች እንደ እንስራ ተነፋች፤ በመቶ የሚቆጠር እንቁላልም ጣለች።

እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠወለገ።

«ወንድሜ ሥር፣ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ውሃው የታለ?»

«ምን ጎደለብህ? ሠፈራችን እንዴት እንደ ወፈረ አታይም?»

እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ ከልጆቿ አንዷ ወደ ጎረቤት ተሻገረች። የኋለኛዋ ቲማቲም ግን ቅድመ አያቷ የፔሩ የዱር ቲማቲም ናት፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከለማዳው ጋር አዳቅለው ያወረሷት ጆሮ አላት። ትሊቱ እንዳትገባ አልከለከለቻትም። መርፌዋን ስትሰካ ግን አንዲት ሕዋስ ድምፁን ለየችው፦ «ይህ የእናቴ ድምፅ አይደለም!» ሌባ ከመቀለብ መሞት ይሻለናል ብለው እሷና ጎረቤቶቿ እዚያው ደረቁ። ትሊቱም ባዶ ጎተራ ታቅፋ በረሃብ አለቀች።

ይህች ጆሮ ግን ሁልጊዜ አትሰማም። አፈሩ ከ28 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሲግል ትደነቁራለች። በግለት ጊዜ ጠላትን ከወገን መለየት ለሁሉም ይከብዳል።

መኸር ደረሰ። አሮጊቷ ሁለቱንም ነቀሏቸው። የፊተኛዋ ሥር እንደ መቁጠሪያ በእባጭ ላይ እባጭ ተደርድሮበታል፤ ፍሬዋ ግን ጥቂትና ጭራሮ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የኋለኛዋ ሥር ቀጭን ነው፤ ሟቾቹ ሕዋሳት ያረፉበት ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ይታይበታል። ቅርንጫፏ በፍሬ ጎብጧል።

«እማማ፣ ወፍራሙ ሥር አይሻልም?» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ልጄ፣ ማበጥ ማደግ አይደለም። ሥሩን ሳይሆን ቅጠሉን ጠይቂው።»

ያበጠውን ሥር ወንዝ ውስጥ አልጣሉትም፤ ሰብስበው አቃጠሉት። መደቡን ፀሐይ እንዲመታው ገለበጡት። አካፋውንም አጥበው ለባለቤቱ መለሱ፤ የራሳቸውን ችግር ለሌላው ማሳ እንዳያሻግሩ።

አገርም ሥር አላት። ሌባ በጉልበት ብቻ አይዘርፋትም፤ በገዛ ልጆቿ ቋንቋ «እደጉ» እያለ ልጆቿን የራሱ ጎተራ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ጎተራህ ሲሰፋ ማን እንደሚበላበት ጠይቅ፤ ላይ ያለው ቅጠል ሲጠወልግም ስማው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።