ያረጀ ጊታርና አምፕሊፋየር መግደያ መላ

መጀመሪያ የሚገደለው ይገኝ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ያልተቋቋመበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ጊታር፣ አምፕሊፋየርና ሞንታርቦ ተርፎ ከሆነ ያለው በመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ በአዳራሽ መድረክ ሥር ወይም በድሮ ተጫዋች ቤት ከአልጋ ሥር ነው። መካነ ሰላም፣ ወግዲ፣ ከላላ ወይም ሳይንት ላይ ዕድሜ ጠገብ ሰው ፈልገው ቡና እየጠጡ ይጠይቁ፤ በወጣትነቱ ሊድ ወይም ቤዝ ይመታ የነበረው ማን እንደሆነ ገና አልተረሳም።

ይህ ምክር የሚያስተምረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ሃምሳ ዓመት የኖረን መሣሪያ በአንድ ሳምንት እንዴት እንደሚጨርሱት። መልኩ የፌዝ ነው፣ ነገሩ ግን ያንገበግበኛል። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለቅኝት የሰጡ የወሎ ቦታዎች ናቸው። ማሪቱ ለገሰን ያፈራው የላሊበላ ኪነትም የወሎ ነው። በዚህ አገር አንድ የቆየ ጊታር ሲጠፋ፣ በዚያ ጊታር ላይ አምባሰልን እንዴት እንደሚያወጡት የሚያውቁ ጣቶችም ሥራ ይፈታሉ።

እንግዲህ ዕቃው ተገኘ። ወደ ደሴ ሲወስዱት ክሩን ሳያላሉ፣ ያለ ሳጥን፣ በላስቲክ ብቻ ጠቅልለው ፖርቶመጋላ ላይ ያስጭኑት፤ ከላዩም ጆንያ ይደረብበት። የጊታር ደካማ ቦታው አንገቱ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ነው። የድሮ ጊብሰንና በእሱ አምሳል የተሠሩ ጊታሮች ራሳቸው 17 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ስለሚዘነብል፣ በጀርባው በተኛ ጊታር ላይ ትንሽ ሸክም ሲያርፍ እዚያችው ቦታ ላይ ቀጭ ይላል። አምፕሊፋየሩም ውስጡ ያሉት የመስታወት ቱቦዎች ሳይነቀሉ ይሂድ። ንዝረቱ ቱቦዎቹን ከመቀመጫቸው ያላቅቃል፣ ውስጣቸው ያለውንም ቀጭን ሽቦ ይበጥሳል። ነቅሎ እያንዳንዱን በጨርቅ መጠቅለል፣ የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣም ወረቀት ላይ መጻፍ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያቺን አሥር ደቂቃ መንፈግ ነው ግድያው የሚጀምርበት።

ሲደርሱ ወዲያው ይሰኩት። ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አያንብቡ። ብዙ ሰው ቅን ሆኖ፣ ደስታው አላስችል ብሎት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገር። አምፕሊፋየሩ ለአሜሪካ የተሠራ ከሆነ ጽሑፏ 117 ወይም 120 ቮልት ትላለች፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ 220 ነው። እንዲህ ያለ አምፕ በቀጥታ ሲሰካ ውስጡ ያለው ሁሉ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቮልት ይደርሰዋል። ቱቦውን የምታግለው ሽቦ 6.3 ቮልት ስትጠብቅ ከ11 በላይ ይመጣባታል። ከ400 ቮልት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሠራው ክፍል ወደ 750 ይወጣል፤ እዚያ ያሉት ካፓሲተሮች ግን የተሠሩት 450 ወይም 500 ቮልት እንዲችሉ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ፊውዙ ብቻ ነው፤ እሱ ተቃጥሎ ትራንስፎርመሩን ያተርፋል። ስለዚህ ገዳዩ ፊውዙንም ማሸነፍ አለበት፦ ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ቀዶ ይጠቅልልና በፊውዙ ቦታ ይክተት፣ ወይም የመዳብ ሽቦ ይሰር። ከዚያ በኋላ የሚሸተው የትራንስፎርመር ቫርኒሽ ነው። ያ ትራንስፎርመር በዚያ ዘመን የተጠመጠመ ነው፤ ምትክ ቢገኝ እንኳ ድምፁ ያው አይሆንም።

ማዳኑ ከባድ አይደለም። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ አምፕሊፋየሩ ከሚስበው ዋት በደንብ የሚበልጥ አቅም ይኑረው። የአሜሪካ ዕቃ የተሠራው ለ60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ መብራት 50 ስለሆነ፣ ቮልቱ ቢስተካከልም ትራንስፎርመሩ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ይህን ይወቅ። ለአውሮፓ የተሠራ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ቮልት መምረጫ አለው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ይታይ፤ የቀደመው ባለቤት የት አገር ይጠቀምበት እንደነበር አይታወቅም።

ቮልቱ ልክ ቢሆንም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያልተከፈተን አምፕ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል መልቀቅ ሌላው ጥሩ መግደያ ነው። ካፓሲተር ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ውስጡ ይደርቃል፤ ድንገት ሲጫን ያብጣል፣ አንዳንዱ ይፈነዳል። ዋጋው ርካሽ የሆነ መከላከያ አለው፦ በመብራቱ መስመር ላይ የድሮውን ቢጫ አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋቱን፣ በተከታታይ ማስገባት። አምፕሊፋየሩ ሲበራ አምፖሉ ቦግ ብሎ ቶሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ አንድ ነገር ተገናኝቷል ማለት ነውና ወዲያው ይጥፋ። ልብ አድርገው ያዩት ሰዎች ያውቁታል፦ አምፖሉ ሲደበዝዝ የቱቦዎቹ ሆድ ቀስ እያለ ወደ ብርቱካንማ ይቀላል፣ ከስፒከሩም ዝቅ ያለ እምምታ ይመጣል። ያ እምምታ ከልክ በላይ ከጎላ ካፓሲተሮቹ ደክመዋል፤ ጊታር ከመሰካቱ በፊት ይቀየሩ።

ሞት የሚያመጣውን ያለ ፌዝ ልንገርዎ። አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ማፍሰስ የማያውቅ ሰው እጁን ወደ ውስጥ አይስደድ። ሁለት እግር ብቻ ያለው የድሮ ሶኬት ገመድም አደገኛ ነው። አንድ እጅ የጊታሩን ክር ይዞ ከንፈር ማይክሮፎን ሲነካ መብራቱ በሰውየው በኩል ሊያልፍ ይችላል። ባለ ሦስት እግር ገመድ ይግባለት፣ የግድግዳው ሶኬትም በእርግጥ መሬት ያለው ይሁን።

ሌላም አለ። የስፒከሩን ገመድ ነቅለው «ሙቀቱን እንየው» ብለው አምፑን ያብሩና ጊታሩን በኃይል ይምቱ። የቱቦ አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይገናኝ ሲሠራ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። እንዲሁም መብራት ሲሄድ አምፑን ሳያጠፉ ወደ ጨዋታ ይሂዱ፤ መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ አንዳንዴ ዘሎ ነው የሚመጣው። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ መቆየት የሚባለውን ማንኛዋም ፍሪጅ ያላት እናት ታውቀዋለች፤ የሙዚቀኛው ዕቃ ከፍሪጅ አያንስም።

አሁን ጊታሩ። ቀለሙ ተልጧል፣ የተጫዋቹ ክንድ ያረፈበት ቦታ እስከ እንጨቱ ድረስ ተበልቷል፣ ከፍሬቶቹ መካከል ጣት ያጠቆረው ላብ አለ። ወደ አናጢ ቤት ይውሰዱትና በብርጭቆ ወረቀት ያስፍቁት፤ ከዚያ ለበር የሚቀባውን ወፍራም ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ያስደርቡበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ አብዛኞቹ ፈንደርና ጊብሰን ስስ ቀለም ነበራቸው፤ ሰብሳቢው ዋጋ የሚሰጠው ለዚያች ስስ ቀለም ነው፤ ተልጣም ቢሆን። በሳጥን ጊታር ላይ ደግሞ ወፍራም ቫርኒሽ የፊቱን እንጨት ስለሚያከብደው ድምፁ ይታፈናል። ከሚፋቀው ቀለም ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላም ነገር አለ፦ ያ የተበላ ቦታ ጊታሩን ይመታ የነበረው ሰው ክንዱን እንዴት ያሳርፍ እንደነበር ያሳያል፤ ክራር መቺ ከነበረ እጁ ከጊታር ተማሪ እጅ ይለያል።

ውስጡንም አይርሱ። ድምፅ ሲያዞሩ የሚንኮሻኮሸውን ቮልዩም አውጥተው ይጣሉና አዲስ በስታኞ ይበይዱ። በሚጣለው ቮልዩም ጀርባ ላይ የተመታች ቁጥር አለች፤ በአሜሪካ ጊታር ላይ 1376514 የሚል ቢያገኙ፣ 137 የፋብሪካው መለያ ነው፣ 65 ዓመቱ፣ 14 ሳምንቱ። ለብዙ ጊታር የልደት ማስረጃው ይህች ናት። ፈንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ ለሲቢኤስ ተሽጧል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በተሠራ ጊታር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ስለሆነ፣ የሚሰበስብ ሰው ያቺን ቁጥር በመነጽር ነው የሚያነባት። መንኮሻኮሹ በማጽጃ ፈሳሽ ሊድን ይችል ነበር። የግድ ከተነቀለም በፖስታ ታሽጎ ከጊታሩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ ስላለብዎት፣ ለናይሎን የተሠራውን ጊታር ያገኙትን የብረት ክር ያስሩበት። የናይሎን ክሮች በአንድ ላይ ጊታሩን ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል፤ የብረቶቹ ግን ከ70 ኪሎ ያልፋል። መጀመሪያ ክሩ የታሰረበት እንጨት ከፊቱ ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ሆዱ ያብጣል፣ በመጨረሻ አንገቱ ይጎብጣል። ክራርንም በዚህ መንገድ መስበር ይቻላል፤ ለጅማት ወይም ለናይሎን የተሠራ ቀንበር ወፍራም ብረት አይችልም። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ከጊታር የተነቀለ ፒካፕ ለጥፈው «ኤሌክትሪክ አደረግሁት» ይበሉ። የጊታር ፒካፕ ማግኔት ነው፤ የሚሰማው የብረት ክርን ብቻ ነው። የፈረስ ጭራ ሲርገበገብ ምንም አይሰማም። ለማሲንቆና ለናይሎን ክራር የሚሆነው የገላውን ንዝረት የሚያነሳው ዓይነት ነው፤ እሱም ቆዳው ላይ በሱፐር ግሉ አይጣበቅም፣ ሊነሳ በሚችል ነገር ከእንጨቱ ላይ ይያዛል።

ከዚያ በስልክ ይቃኙ። የስልኩ ማስተካከያ አረንጓዴ እስኪያበራ ክራሩን ያጥብቁ፤ የሽማግሌውን ጆሮ አይመኑ። ስልኩ የሚያውቀው ኦክታቩን በ12 እኩል የከፈለውን የፒያኖ ልክ ነው። የክራር ሰው ግን አንቺሆዬን ወይም አምባሰልን ሲቃኝ አንዳንዷን ድምፅ ከዚያ ልክ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ ያስቀምጣታል። ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ዘፈኑን የሚያባባው። ጊታር ላይ ፍሬቱ ቦታውን ስለወሰነው፣ ጥሩ የአገራችን ጊታሪስት ክሩን በጣቱ እየገፋ ይፈልጋታል። ይህን ያወቁ ሰዎች ምን እንደሠሩ ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር በሠራው «ኧረ መላ መላ» ይሰማል፤ ጊታሩን ሰላም ሥዩም፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ነው የያዙት። ያ ሥራ ከ11 ዓመት በኋላ ቤልጅየም ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ታትሞ፣ እኛን የማያውቅ አድማጭ ጆሮውን ሰጠው።

ማስቀመጫውም ይመረጥ። ጭስ የማይጠፋበት ጓዳ ጥሩ ነው፤ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በደጋው ክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋው ደረቅ ውርጭና ፀሐይ ይኮማተራል፤ የእሳቱ ሙቀት ሲጨመርበት ይሰነጠቃል፣ የክራሩም ቆዳ ይቀደዳል። የሳሎን ጌጥ አድርገው መስቀልም ያው ነው፤ ያልተመታ መሣሪያ ክሩ ይዝጋል፣ መቃኛው ይደርቃል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ታክሲ በሚነዳባቸው ዓመታት ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅባት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት የመታውን ዛሬም የሚመታው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጊታሩ እምቢ ብሎ ከቆመ አንድ የማይስት መላ ይቀራል፦ የመታውን ሰው ሳይጠይቁ ይሽጡት። ማን ገዛው፣ በየትኛው ቡድን፣ በየትኛው መድረክ ተመታ፣ አምባሰልን ከየትኛው ክር ይጀምሩ ነበር፣ አምፑ ላይ ቮልዩሙና ቤዙ ስንት ላይ ይደረግ ነበር፣ ሁለት ድምፃዊ በአንድ አምፕ ሲዘፍኑ ጊታሩ የት ይሰካ ነበር፤ እነዚህን አይጠይቁ። ሰውየው አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል። ስልክዎ መቅጃ አለው፤ የዛሬ ሳምንት መካነ ሰላም ገበያ ሲወጡ ጎራ ብለው «አባባ፣ ያቺን ጊታር እንዴት ነበር የሚቃኟት?» ቢሏቸው፣ ጊታሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያሳዩዎታል።