ሲስተም የለም፤ ሰላም ግን አለ

አዲስ አበባ ውስጥ የመንፈስ ዕረፍት አጥቶ ገዳም ለመግባት የሚያስብ ሰው ካለ፣ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ባያባክን ይሻለዋል። ሰኞ ጠዋት ቅርቡ ወዳለ ባንክ ጎራ ይበል። ጥበቃው ኪሱን ዳብሶ፣ ቦርሳውን አስከፍቶ ካሳለፈው በኋላ «ሲስተም የለም እኮ» ይለዋል። ከፍተሻው በፊት ቢነግረው የትሕትናው ትምህርት ይጎድል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጸጋ ነው። ወንበሩ ለስላሳ፣ ጫጫታ የለ፣ ሥራ የለ። የተራ ቁጥር የሚያድለው ማሽን ብቻ እንደወትሮው ይሠራል፤ ያ ማሽን ተበላሽቶ አይቼው አላውቅም። የማይሰጥ አገልግሎት ለማግኘት ስንተኛ እንደሆኑ በጥንቃቄ አትሞ ይሰጥዎታል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ በራሷ ስልክ ቪዲዮ ታያለች፣ ያለ አንዳች መቆራረጥ። እሷን መውቀስ አይገባም፤ ሲስተሙን የሠራችውም የሰበረችውም እሷ አይደለችም፣ ስድቡን የምትቀበለው ግን እሷ ናት። የሲስተሙን ነገር ሲጠይቋት እንደ አስታማሚ ዝግ ብላ ትመልሳለች፦ ከጠዋት ጀምሮ ደከም ብሏል፣ ቅድም መለስ ብሎ ነበር፣ አሁን ደግሞ መጣ ሄደ እያለ ነው። እግዜር ይማረው ብሎ ከመቀመጥ በቀር ምን ይባላል?

በዚህ መካከል ታዲያ የሰላማችን ዋና መምህር ይነሣል። በየወረፋው አንድ አይጠፋም። ጋዜጣውን አራት ላይ አጥፎ የያዘ፣ የትም የማይቸኩል፣ ምናልባትም ምንም ጉዳይ የሌለው አዛውንት። ከፊቱ የተቀመጠች እናት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ልትከፍል መጥታለች፤ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፣ ከነገ ጀምሮ ቅጣት አለው። «እንዴት አንድ ሰው እንኳ መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም?» ስትል፣ መምህሩ ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። «የኔ ልጅ፣ ትዕግሥት ነው። ምን ይደረግ፣ ለምደነዋል። አገሩን እንደ አዲስ መጣሽበት እንዴ?» ወረፋው ይስቃል። «እሺ አባባ» ብላ ዝም ትላለች። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ጥፋተኛው ሲስተሙ መሆኑ ይቀራል፤ ሰላም የምታደፈርሰው እሷ ናት። ቅጣቱንም የምትከፍለው እሷ ናት፣ መምህሩ አይደለም።

ይህን ትምህርት አጥብቀን በመያዛችን ያልደረስንበት ደረጃ የለም። አንድ ባንክ ሲተኛ ሌላው ይነቃ ይሆናል በማለት በአራት ባንክ ደብተር አውጥተናል። አንዱ ኔትወርክ እምቢ ሲል በሌላው ለመሞከር የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይዘን እንዞራለን። ካፌ ገብተን በስልክ ስንከፍል፣ መልእክቱ አልደርሰው ያለ አስተናጋጅ በስልኩ የእኛን ስልክ ፎቶ ያነሣዋል፤ እኛም ደግፈን፣ ብርሃኑን ከፍ አድርገን፣ እንደ ሙሽራ አስተካክለን እንይዝለታለን። ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት ስለቀረ፣ ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት ማደያ የቆመ ሹፌር ብሩንም ቤንዚኑንም በዓይኑ እያየ ሁለቱን ማገናኘት ያቅተዋል። ድሮ እንዲህ ያለ ተመስጦ በጾም በጸሎት ነበር የሚገኘው። በዚያው ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረ ጊዜማ፣ ስልክ መክፈት የሚቸገሩ እናቶች ቪፒኤን የሚባለውን ነገር ከልጅ ልጆቻቸው ተምረው አረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ሲያወሩ ከርመዋል። ለምን ተዘጋ ብሎ ከመጠየቅ ቪፒኤን መጫን ይቀላል። እንዲህ ዓይነት ሕዝብ ማስተዳደር እንዴት ያለ መታደል ነው!

ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ያስቸግረኛል። ይህ መላመድ የሚባለው በጎ ጠባይ የሚጠበቀው ከወረፋው በኩል ብቻ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ለ7 አጥቢያ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳሳተና፣ ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ተዳርሶ ተማሪው ሌሊቱን ኤቲኤም ከበበ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር የወጣው። እንግዲህ በእኛ ሃይማኖት ቢሆን የባንኩ ኃላፊዎች ተሰብስበው «ምን ይደረግ፣ ሲስተም ነው፣ ይለመዳል» መባባል ነበረባቸው። ጋዜጣውን ያጠፈው አዛውንትም ከፊት ወንበር ተቀምጠው «ልጆቼ፣ ትዕግሥት ነው» ሊሏቸው ይገባ ነበር። አላሏቸውም። ገንዘቡ እንዲመለስ ማሳሰቢያ ወጣ፣ በየዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ሕግ ተጠቀሰ፣ ያልመለሱትም ሰዎች ስም ከነፎቷቸው ለሕዝብ ይፋ ሆነ። አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ።

ገንዘቡ መመለሱ ደግ ነው፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ያስደነቀኝ ቅልጥፍናው ነው። ለካ ሲስተም ሲሳሳት ማን ስንት እንደወሰደ ተለይቶ ሊታወቅ ይችላል! ለካ የቀን ገደብ የሚባል ነገር አለ! ለካ መናደድም ይቻላል! እኛማ አንድ ኤቲኤም ብሩን ሳይሰጠን ከሒሳባችን ቆርጦ ሲያስቀረው የምንታዘዘው ሌላ ነው። ቅጽ እንሞላለን፣ በወረቀት። የመታወቂያ ቅጂ እናያይዛለን፣ ያም በወረቀት፤ ፎቶኮፒው ቤት ደግሞ መብራት ሄዷል። «ይመለስልዎታል፣ ይታገሡ» እንባላለን። እንታገሣለን። ኤቲኤሙን ያቆመውን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፎቶ በየመንደሩ ለመለጠፍ ያሰበ ሰው እስካሁን አልሰማሁም፤ ቢኖርም ወረፋው ይስቅበታል።

አንዳንድ ችኩሎች በ2012 የጸደቀውን «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ እየጠቀሱ፣ ጊዜው ደረሰ ወይም አለፈ ብለው ይነጫነጫሉ። ዘመኑ የተቆጠረው በፈረንጅ ነው ይላሉ። ማን አስቸኮላቸው? በራሳችን አቆጣጠር ብናስበው 2025 ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የለ? እርግጥ ነው፣ ተረቱን የተረቱት ሰዎች እንቁላሉ ላይ በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ አልተቆረጠባቸውም።

የክፍያውን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የሰላማችን ትርፍ ወዴት እንደሚሄድ ልብ ይሏል። እናቲቱ ዝም ስትል ሰላም ያገኘችው እሷ አይደለችም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ጥያቄ የሚባል ነገር ከመስኮቱ አልፎ ቢሮው ድረስ አልደረሰበትምና። የመጠባበቂያ መስመር ለማስገባት ገንዘብ ይውጣ የሚል ባለሙያ ቢኖር እንኳ በምን አፉ ይከራከራል? ደንበኛው ለምዶታል። አራተኛውን የባንክ ደብተር፣ ሁለተኛውን ሲም ከራሱ ኪስ አውጥቶ ይዟል። ሲስተሙን ያልጠገነው ሰው ወጪ በሙሉ በየቤታችን ተከፋፍሎ ተከፍሏል፤ ደረሰኝ የለውም እንጂ።

እርስዎ ይህን ሁሉ ሰላም ለማደፍረስ ቆርጠው ከተነሡ ግን መንገዱ አጭር ነው። «ሲስተም የለም» ሲባሉ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠፋ ይጠይቁ። የቀን ገደብ ቢያልፍብዎ ቅጣቱን ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። አዛውንቱ «አገሩን እንደ አዲስ መጣህበት?» ካሉዎት «አዎ አባባ፣ ዛሬ ገባሁ» ይበሏቸው። ከዚያም ሲስተም ያልነበረበት ሰዓት በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ። ማኅተም ለመምታት ሲስተም አያስፈልግም።