ጾመኛው ቺቻሮን

በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ እንጀራውንና ሽሮውን በፌርፋክስ ጎዳና ካሉት ያገሩ ልጆች መደብሮች ቢሸምትም፣ ቃሪያውን፣ ሎሚውንና ሽንኩርቱን ግን የሚገዛው ከሜክሲኮዎች ገበያ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዋጋው ቀለል ከማለቱም በላይ፣ ሸማች ቃሪያውን አንድ በአንድ እየዳሰሰና እያሸተተ ቢመርጥ ፊቱን የሚያጠቁርበት ሻጭ የለም። እኔም ከዚሁ ገበያ ደንበኞች አንዱ ስሆን፣ ከደረቁ በርበሬዎች መደርደሪያ በታች በስስ ላስቲክ ታስሮ የሚቀመጥ አንድ ነገር ዘወትር ዓይኔን ይይዘው ነበር፤ ይኸውም ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ብርሃን በጥቂቱ የሚያሳልፍ፣ ጥርስ የማይደፍረው ደረቅ ፍጡር ሆኖ፣ እያንዳንዱ የመንኮራኩር መልክ ያለው፣ እንብርትና ዳር፣ በመካከላቸውም ቀጫጭን ዘንጎች የተዘረጉበት ነው። ባለሱቋን ምንነቱን ብጠይቃት፣ ከስፓንኛ ቍጥር በቀር የማላውቅ መሆኔን ተረድታ፣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጣብቃ ካሳየችኝ በኋላ ሁለት እጇን እንደ ቄስ ቡራኬ ከፍታ ዘረጋቻቸው፤ ቀጥላም ወደ ዘይት ጠርሙሱ አመለከተችኝ። ከዚህ የሚበልጥ የምግብ አሠራር ትምህርት በሕይወቴ አልተሰጠኝም።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ከረጢቱን ከፍተው አንዱን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ይኼማ የሚበላ አይደለም፤ ከልጆች መኪና የወለቀ ጎማ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔ ግን ድስቱን ጥጄ፣ ዘይቱ በሚገባ እስኪግል፣ ይኸውም በመለኪያ ለሚያምን ሰው 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ከጠበቅሁ በኋላ፣ አንዱን መንኮራኩር ለፈተና ጣል አደረግሁት። መጀመሪያ ወደ ድስቱ ግርጌ ሰጠመ፤ ቀጥሎ በዳሩ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ከብቦት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወዲያው አንደኛው ጎኑ ከሌላው ቀድሞ ተነፋና ተጣመመ፣ ሁለተኛው ጎኑም ተከተለው፣ ዘንጎቹም ጣት አክለው፣ ቀለሙም ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ተለውጦ፣ ከገባበት ብዙ እጥፍ ገዝፎ ከዘይቱ ላይ ተንሳፈፈ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ ያየው መንኮራኩር ከዚህ እጅግ የላቀ እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም በወጥ ቤት ደረጃ እኔ ያየሁትም የሚናቅ አልነበረም።

የነገሩ ምሥጢር በውኃ ላይ ነው። ፋብሪካው የስንዴ ዱቄትን ከበቆሎ ስታርች፣ ከጨውና ከሶዳ ጋር አቡክቶ በግለትና በግፊት ካበሰለው በኋላ፣ በቅርጽ ማውጫ አሳልፎ ይቈርጠዋል፤ ከዚያም በዝግታ ያደርቀዋል። ነገር ግን ፈጽሞ አያደርቀውም፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ገደማ የሚሆን ውኃ በውሳጤው ታስሮ ይቀራል። ይህ እስረኛ ውኃ የፈላው ዘይት ድንገት ሲደርስበት ወደ እንፋሎትነት ይለወጥና መውጫ ፍለጋ የላላውን ስታርች ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ሲሄድም የተነፋው ግድግዳ በተነፋበት ደርቆ ይቀራል። ዘይቱ ለብ ያለ እንደ ሆነ ግን ውኃው በየጥቂቱ ሹልክ እያለ ያመልጣል፤ መንኮራኩሩም ዘይት ጠጥቶ እንደ ደነደነ ይቀራል። በማይክሮዌቭም ይነፋል ይላሉ የዘይት ጠላቶች፤ በር ተዘግቶበት የሚሠራ ተአምር ግን ለእኔ አይጥመኝም።

በሜክሲኮ አገር ይህን መንኮራኩር የመንገድ ላይ ነጋዴዎች በላስቲክ ከረጢት ሞልተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ በጓዳላሃራ ከተማ የሚሠራውን ቫለንቲና የተባለ ቀይ የበርበሬ ስጎ አፍስሰውበት ይሸጡታል፤ መንኮራኩር ያልሆነ፣ እንደ ሰሌዳ ሰፊ የሆነ ዓይነትም አለ፤ እሱንማ ጎመንና ቲማቲም፣ ክሬምና አቮካዶ ይከምሩበትና በላተኛው በሁለት እጁ ደግፎ ይበላዋል። እኔ በሎሚና በሚጥሚጣ አዘጋጅቼ፣ በሰፌድ አድርጌ፣ በቡና ላይ በፈንድሻ ፈንታ አቀረብሁት።

ጭንቁ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ ነገሩ ከጥሉላት ንጹሕ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጬ ነበር፤ ዘይቱም የሱፍ ዘይት ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት ስፓንኛ የምትማረው ልጄ፣ የከረጢቱን ጽሑፍ አንብባ፣ «እማማ፣ ቺቻሮን ማለትኮ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው!» አለቻቸው። አማቴ ወደ አፋቸው ያስጠጉትን መንኮራኩር መልሰው ሰፌዱ ላይ አኖሩት፤ እጃቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እማማ፣ ይህ የዱቄቱ ቺቻሮን ነው፤ አሳማ በአጠገቡም አላለፈ፤ መልኩንና ድምፁን ብቻ ነው የወሰደው» ብላቸው፣ የደብተራ ልጅ ናቸውና፣ «የእሪያን መልክ መውደድ አንድም እሪያን መናፈቅ ነው፤ አንድም ለመብላት መለማመድ ነው» ብለው ተረጎሙልኝ። እኔም ይህን ክርክር በአንድ ምት የምጨርስ መስሎኝ፣ «ታዲያ እርስዎ በየጾሙ የሚሠሩት የሽምብራ ዓሣስ? ዱቄቱን አቡክተው፣ ጅራት አውጥተው፣ ዓይን ሳይቀር ወግተው የሚጠብሱት፣ ዓሣ መናፈቅ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አልዘገዩም። «ዓሣ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ የተመገበው ነው፤ እሪያ ግን አጋንንት የገቡበት ነው» አሉ። ለዚህ መልስ ያለው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

መጻሕፍት ከድተውኝ ወደ ታሪክ ዞርሁ። በአሜሪካ ምድር ስንዴ እንዳልነበረ፣ ስፔናውያን ከአሳማው ጋር እንዳመጡት፣ በዚያች አዲስ አገር መጀመሪያ ስንዴ የዘራሁና ያጨድሁ እኔ ነኝ ብሎ በ1538 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለስፔን ንጉሥ ያመለከተውም ኹዋን ጋሪዶ የሚባል ከአፍሪካ የተወለደ ጥቁር ሰው እንደ ሆነ ተረክሁላቸው። ነገሩ ልባቸውን ነካው። «ክርስቲያን ነበር?» አሉኝ። «አዎን፣ በሊዝቦን ተጠመቀ።» «ካቶሊክ ነዋ!» ብለው ፊታቸውን መለሱ። የበርበሬያችን ዘር ራሱ ከአሜሪካ ምድር መውጣቱን ብጨምርላቸው ደግሞ ነገሩን አባባስሁት፤ በርበሬ የማረቆ መሆኑን የማያውቅ ሰው ስለ እሪያ ሊያስተምራቸው እንደማይችል ነገሩኝ።

በዚህ መካከል ባለቤቴ፣ ከቡናው ጀበና ዓይኗን ሳታነሣ፣ «እማዬ፣ ኢጣልያ በ1928 ሲወረን በጄኔቫ የቆመችልን ሜክሲኮ አይደለችም?» አለች። ቤቱ ዝም አለ። የአማቴ አባት አርበኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ያደጉት ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ያች አገር ወረራውን ተቃውማ፣ ለፋሺስት ግዛትም ዕውቅና ሳትሰጥ መቅረቷን፣ ጃንሆይም በ1946 ዓ.ም. ሄደው እንደ ጎበኟት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እኔ የጨመርሁላቸው፣ በሜክሲኮ ዋና ከተማ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መኖሩንና ምልክቱም የአንበሳ ራስ መሆኑን ብቻ ነው።

«የአንበሳ?» አሉ።

«የአንበሳ።»

አንዱን መንኮራኩር አነሡ፤ በመስቀል ምልክት አማተቡበትና ከዘንጎቹ አንዱን ሰብረው ቀመሱ። ክርክሩ ያላሸነፈውን ውለታ አሸነፈው፤ ብቻ ሚጥሚጣዬን ከሰሱ፤ ጨው በዝቶበታል አሉ። ጥቂት ቆይተውም ጭልፋውን ከእጄ ተቀብለው ምድጃው ዘንድ ቆሙ፤ የዘይቱንም ግለት ያለ መለኪያ፣ መዳፋቸውን ከድስቱ በላይ ዘርግተው፣ ከእኔ በተሻለ ያውቁት ጀመር።

አሁን ለማርያም ማኅበራቸው ስንት ከረጢት እንደሚበቃ ከባለቤቴ ጋር ይማከራሉ። የአሳማው ነገር ግን በማኅበርተኞቹ ፊት እንዳይነሣ ልጄን ሊያስምሏት አስበው፣ መሐላ ኃጢአት ስለ ሆነ፣ በፍስክ የሚከፈል ቸኮሌት ተስፋ ሰጥተዋታል።